ፍሪሲዮን የሌለው ካምቢዮ

አንዲት ቶዮታ ፕሪየስ ቀይ መብራት ይዟት ቆማለች እንበል። ጎማዋ አይንቀሳቀስም፤ የቤንዚን ሞተሯ ግን ባትሪ ለመሙላት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞራል። ማኑዋል መኪና ብትሆን ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ወይም ማርሹ ዜሮ ካልገባ ሞተሩ ድርግም ይል ነበር። ፕሪየስ ግን ፍሪሲዮን የላትም፤ ሞተሩና ጎማው ምንጊዜም በጥርስ እንደተያያዙ ናቸው። ሞተሩን ከመታፈን የሚያድነው ጄኔሬተሩ ነው፤ በደቂቃ 3,600 ጊዜ እየተሽከረከረ ልዩነቱን ይውጥለታል።

ነገሩ ያለው መዳፍ በምታህል የማርሽ ስብስብ ውስጥ ነው። መሃል ላይ ባለ 30 ጥርስ ማርሽ አለ፤ ዙሪያውን ባለ 78 ጥርስ ቀለበት ይከበዋል፤ በሁለቱ መካከል ትንንሽ ማርሾች ይዞራሉ። መሃለኛው ከጄኔሬተሩ፣ ቀለበቱ ከኤሌክትሪክ ሞተሩና ከጎማው፣ የትንንሾቹ ተሸካሚ ደግሞ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ተያይዘዋል። ከሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት 72 በመቶው በቀጥታ ወደ ጎማ፣ 28 በመቶው ወደ ጄኔሬተሩ ይሄዳል። ይህን ድርሻ የወሰነው የጥርሶቹ ቁጥር ስለሆነ ኮምፒውተርም አይቀይረውም፤ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ፍጥነቱን ነው።

ያው ጄኔሬተር ሞተሩን ስለሚያስነሳ ሞተሪኖ፣ ባትሪም ስለሚሞላ ዲናሞ አላስፈለገም።

ስለ ሃይብሪድ ሲወራ ምስጋናውን የሚወስደው ባትሪው ነው፤ የማርሹን ድርሻ የሚያነሳ ጥቂት ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ የሚቆጥብበት የራሱ ፍጥነት አለው። ተራ ካምቢዮ ከዚያ ፍጥነት ይጎትተዋል፤ ይህኛው ይተወዋል።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ቲ አር ደብሊው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተመሳሳይ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1971 የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። በታኬሺ ኡቺያማዳ የተመራው የቶዮታ ቡድን ፕሪየስን ለጃፓን ገበያ ያቀረበው በታኅሣሥ 1997 ነው።

ዋጋ ግን አለው። በጄኔሬተሩ በኩል የሚያልፈው ኃይል መጀመሪያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ መልሶ ጉልበት ሲሆን ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ቀስ ይላል፤ ነጂው ፍሪሲዮን የበላ ይመስለዋል።

ተፎካካሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ሆንዳ በ2013 አኮርድ ላይ ባለብዙ ደረጃ ካምቢዮውን ጨርሶ ትቶ፣ ሞተሩ ከጎማው ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ረጅም መንገድ ላይ ሲፈጥን ብቻ እንዲሆን አደረገ። ሃዩንዳይ አዮኒክ ላይ ባለ 6 ማርሽ፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ገጠመ። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ አዮኒክ በጋሎን 58 ማይል ሲሄድ፣ ቆጣቢው ፕሪየስ 56 ላይ ቀረ። ያረጀ የተባለው ማርሽ መቀያየር አሸነፈ ማለት ነው።

ቶዮታ ግን አልለቀቀም። የ2023ቱ ፕሪየስ ሞተር ከ1.8 ሊትር ወደ 2 ሊትር አድጎም በጋሎን እስከ 57 ማይል፣ ማለትም በሊትር 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መሃለኛው ማርሽና ቀለበቱ አሁንም እዚያው ናቸው።