ሁለተኛ ሃርድ ዲስክና የፊደሎቹ ጉዳይ

በሪያድ የምንማር ብዙዎቻችን አዲስ ማሽን መግዛት ስለሚከብደን ከዑለያው የኮምፒዩተር ገበያ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዝተን በአሮጌው ላይ እንጨምራለን። ይሁን እንጂ የፊደሎቹን ነገር ሳያጣሩ ፎርማት ማድረግ የመመረቂያ ጽሑፍን በገዛ እጅ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

እንደሚታወቀው «ኤ» እና «ቢ» ለፍሎፒ የተያዙ ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ ከ«ሲ» ይጀምራል። በዶስ፣ በዊንዶውስ 95 እና 98 ፊደል የሚታደለው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ነበር፤ በቅድሚያ የየዲስኩ ዋና ክፍል፣ ቀጥሎም ንዑሳን ክፍሎች ይቆጠሩ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ ዋና ክፍል ካለው «ዲ»ን ሲወስድ፣ የቀድሞው «ዲ» ወደ «ኢ» ይገፋ ነበር። ከዊንዶውስ 2000 ወዲህ ግን ሥርዓቱ የሰጠውን ፊደል መዝግቦ ይይዛል። ሆኖም ተነቃይ ዲስክ ባልተሰካበት ጊዜ ፊደሉን ሌላ ሊወስድበት ይችላል።

በመሆኑም የሚከተለውን እንመክራለን፦

አንደኛ፣ ሥራችንን አስቀድመን በሌላ ቦታ እንገልብጥ።

ሁለተኛ፣ በዓረብኛው ዊንዶውስ «ኢዳረት አል አቅራስ» የሚባለውን የዲስክ ማስተዳደሪያ ከፍተን ዲስኩን በፊደሉ ሳይሆን በመጠኑ እንለይ።

ሦስተኛ፣ ለአዲሱ ከመጨረሻዎቹ ፊደሎች አንዱን እንስጥ፤ በአማርኛም ስም እናውጣለት።

ሥርዓቱ ያለበትን «ሲ»ን ግን ፈጽሞ አንንካ።