የቮልስ የኋላ ዲስክ ፍሬንና የጣርማ በር ቁልቁለት

ቮልስን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የአብዛኞቹ የፋብሪካ ፍሬን በአራቱም እግር ታምቡር ነው። አሮጌ ቮልስ የሚያድሱ ሰዎች ሞተሩንና ቀለሙን ከጨረሱ በኋላ የኋላውን ታምቡር አውጥተው ዲስክ ያስገባሉ። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ የሚወደስበትን ምክንያት ግን አልቀበልም።

«ከኋላ ዲስክ ያላት መኪና ቶሎ ትቆማለች» ይባላል። ስህተት ነው። ጤነኛ ታምቡርም ጎማውን እስከ መቆለፍ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ወሳኙ ጎማውና አስፋልቱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። የኋላው ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ ቮልሷ ትሽከረከራለች። እርግጥ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቿ ከሌሎች መኪኖች የበለጠ ፍሬን ይችላሉ። ቢሆንም ዲስክ መጀመሪያ ለፊት ነው።

ጥቅሙ ታዲያ ሙቀት ላይ ነው። ጣርማ በርን አስቡት። የመንዝ መንገድ ከዋናው አስፋልት የሚገናኝበት ይህ ቦታ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰው የጫነች ቮልስ 1100 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ይህ ክብደት 1700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ሞተሩና ነፋሱ ካልተጋሩት ሁሉም የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። ዲስክ ግን ሲግል የሚወፍረው ወደ ሸራዎቹ ነው፤ ገላው ለነፋስ ክፍት ስለሆነም ቶሎ ይበርዳል። ወደ መርሐቤቴ ለመሻገር ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያው ኩርባ ላይ የነበረው ፔዳል መጨረሻው ላይም እንዲገኝ።

ማርሹን ፎሌ አድርገው ቁልቁለት የሚለቁ ሾፌሮች ነዳጅ እንቆጥባለን ይላሉ። የሚቆጥቡት ጥቂት ነው፤ የሚያቃጥሉት ሸራና የሚያፈሉት የፍሬን ዘይት ነው። እባካችሁ ተዉ።

የሚዘነጋው የእጅ ፍሬን ነው። የቮልስ የእጅ ፍሬን ገመድ የሚስበው የኋላውን የታምቡር ሸራ ስለሆነ ታምቡሩ ሲወጣ እሱም አብሮ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት አምሮባት የታደሰች ቮልስ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት አየሁ፤ የተገጠመላት ካሊፐር ገመድ የሚያያዝበት ማንሻ አልነበረውም። ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ በድንጋይ ማቆም አይገባም። የጎልፍ የኋላ ካሊፐር ማንሻው አብሮት ያለ ዓይነት አለው፤ ብዙዎች ለቮልስ የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። የቸርኬው ቡሎን አምስት ወይም አራት መሆኑን አይቶ ዲስክ መግዛት፣ ባለ 36 ሚሊ ሜትሩን የአክስል ዳዶ በኃይል አጥብቆ መቆለፍ። የድሮው ማስተር በመስመሩ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ካለው ይውጣ፤ አለበለዚያ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ያሻሸዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ አዲስ ይደረግ።

ዲስክ ካስገባችሁ በኋላም ጣርማ በርን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ።