«ቦቢ እንቢተኛ ነው» ወይስ ቤተሰቡ አልተስማማም?

እስቲ ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ገባ ብለን እንይ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ግቢው የማናችንም ሊሆን ይችላል። ቡችላው ከመጣ አምስት ወር ሆኖታል። ስሙ እንደ ብዙዎቹ የከተማ ውሾች «ቦቢ» ነው። አባት ከሥራ ሲመለሱ ቦቢ ደረታቸው ላይ ሊዘል ሲል በጫማቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል። ታላቅ ወንድም ግን ከኳስ ሜዳ ሲመጣ ያንኑ ዝላይ በእቅፉ ተቀብሎ ፊቱን ያስልሳል። እናት «ምግብ ሲቀርብ ውሻው ሳሎን እንዳይደርስ» ብለው አዘዋል፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ ከእንጀራዋ ጠቅልላ በበሩ ስንጥቅ ታቀብለዋለች። እሑድ ጠዋት ሁሉም ለባብሶ ሊወጣ ሲል ቦቢ ዘሎ የእናትየውን ነጠላ በጭቃ መዳፉ ያቀልመዋል። ዱላ ይመጣል። «ይኼ ውሻ አይሰማም! እንቢተኛ ነው!» ይባላል።

አይሰማም? ኧረ በደንብ ይሰማል! የቸገረው ማንን መስማት እንዳለበት ነው። በእሱ ዓይን ካየነው መዝለል አንዳንዴ እቅፍ ያስገኛል፣ አንዳንዴ ግፊያ። ዛሬ የትኛው እንደሚደርሰው ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መዝለል!

ሶዶ ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ የራሳችን ጣጣ አለ። ቋንቋ! አያት በወላይትኛ «ኡታ» ይሉታል። እናት «ተቀመጥ»፣ ወንድም «ቁጭ በል!»፣ ፊልም የምታዘወትረው እህት ደግሞ «ሲት!»። ለእኛ አራቱም አንድ ናቸው፤ ለቦቢ ግን አራት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ውሻ ድምፁን ከድምፁ በኋላ ከሚመጣው ነገር ጋር ያያይዛል እንጂ መዝገበ ቃላት የለውም። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ምርምሩ ነው። ስሙን በየትምህርት ቤቱ ያስጠራው ግን በውሾቹ ላይ ያስተዋለው ነገር ሆነ። ምግብ መምጣቱን የሚያበስረውን ምልክት ሲሰሙ፣ ገና ሳይቀምሱ ምራቃቸው ይፈስስ ጀመር። ለምን? ምልክቱና ምግቡ ደጋግመው አብረው ስለመጡ ነዋ! ምልክቱ በየቀኑ ቢለዋወጥ ኖሮ ምራቁም ባልኖረ። እናም ወላይትኛ ይሻላል አማርኛ የሚለው ክርክር ለሰዎች ይቆየን፤ ለውሻው ማንኛውም ይሆነዋል። ቤተሰቡ አንዱን መርጦ ይያዝ ብቻ።

ወደ በሩ ስንጥቅ እንመለስ። «አንዳንዴ ብቻ ነው'ኮ የምሰጠው» ትላለች ልጅቷ። ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ «አንዳንዴ» ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ብዙ ዓመት ሲሞክር የደረሰበት ነገር አለ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ሥር ይሰድዳል፤ ሽልማቱ ሲቋረጥም ቶሎ አይለቅም። ሎተሪ ቆራጮችን ጠይቋቸው! አንዴ ትንሽ ብር የደረሰው ሰው ስንት ወር ባዶ እጁን ይቀራል? ቢሆንም ይቆርጣል። ቦቢም በሩ ሥር የሚያለቅሰው ለዚያች ሎተሪ ነው።

ልማዱን ለማስቀረት ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ከእንግዲህ አይሰጥም» ብሎ ሲወስን ደግሞ የሚገርም ነገር ይመጣል። ውሻው መጀመሪያ ይብስበታል! ይጮኻል፣ በሩን ይቧጥጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ይኼ ሥልጠናው እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ድሮ ያበላው የነበረው ዘዴ ስለከሸፈ ጉልበት ጨምሮ እየሞከረ ነው። ብዙ ቤተሰብ እጁን የሚሰጠው እዚሁ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን «ኧረ ዝም በሉት፣ ስጡት» ይባላል። በዚህም ቦቢ የሚማረው ለሦስት ቀን መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው!

ስለ ዱላ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጠዋት የታኘከ ጫማ ማታ ተገኝቶ ውሻው ሲመታ፣ ውሻው ምቱን የሚያያይዘው በዚያች ሰኮንድ እየሆነ ካለው ነገር ጋር ነው። ይህም ምናልባት የእናንተ ወደ ቤት መግባት ሊሆን ይችላል። «አንገቱን ደፋ'ኮ፣ ጥፋቱን ያውቃል» የሚሉ አሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ይህን ፈትሻለች። ውሾቹ ያን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣ ነበር፤ ምንም ያላጠፉትም ጭምር! ቦቢም አንገቱን የሚደፋው ቁጣችሁን አይቶ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ከተማችን እየሰፋች ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ግቢው፣ ባጃጁ፣ ተማሪው በዝቷል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚታሰር ውሻ በአጥሩ በኩል ባጃጅ ሲያልፍ ይጮኻል። ባጃጁ ያልፋል። ውሻው «አባረርኩት» ይላል። በቀን መቶ ጊዜ! በዚህ ላይ የሰፈር ጎረምሶች ለቀልድ ሕፃን ሲያልፍ «ያዘው! ያዘው!» ይሉታል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠስና በእርግጥ ይይዛል። ያኔ ያው ጎረምሳ ድንጋይ ያነሳል። ሲያሠለጥነው ከርሞ!

ተጠያቂው ማን ነው ትላላችሁ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መልስ አለው። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። «አምልጦኝ ነው» ማለት ከኃላፊነት አያድንም ማለት ነው።

ሕጉ ቀላሉ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም እንደ እንስሳት ሐኪሙ ትእዛዝ ይደገም። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም! «ነገ እናያለን» የለም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ደግሞ ተቸኩሎ አይገደል፤ በአስተማማኝ ቦታ ታስሮ ለአሥር ቀን በባለሙያ ቢታይ ለሐኪሙም ለተነካሹም ይጠቅማል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከውሻው አይደለም። ጠዋት ሃይታ ቱኬው ቀርቦ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ሰዓት አምስት ቃል ምረጡ። መቀመጫ፣ መምጫ፣ መተዊያ፣ ወደ ቦታህ እና የስሙ ጥሪ። በወረቀት ጽፋችሁ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሠራተኛዋና ዘበኛውም ይወቁት፤ ከውሻው ጋር አብዝተው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲታዘዝ ወዲያው፣ በአንድ ሁለት ሰኮንድ ውስጥ ሸልሙት። ሽልማቱ ውድ መሆን የለበትም። ወላይታ ውስጥ ስኳር ድንች መቼ ጠፍቶ! ተቀቅሎ በትንንሹ የተቆረጠ ስኳር ድንች ለውሻ ጥሩ ነው። ሽንኩርት የበዛበት ወጥና የተቀቀለ አጥንት ግን ይቅር፤ ሽንኩርቱ ይጎዳዋል፣ አጥንቱ ተሰነጣጥሮ አንጀት ይወጋል። ሥጋ ቤት የሚጣል ጥሬ ጉበትና ሳንባም እንዲሁ፤ ውሻው ከዚያ የሚይዘው የትል ዓይነት ወደ ሰው ተላልፎ ጉበት ላይ እጢ ያበቅላል።

ዝላዩንስ? በር ላይ ሲዘል ሁሉም ሰው፣ ያ ኳስ ተጫዋች ወንድም ጭምር፣ ጀርባውን ይስጠው። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያኔ ይዳበስ። ወንድምየው «እኔ ግን ደስ ይለኛል» ካለ መላ አለው፤ ቦቢን መጀመሪያ አስቀምጦ ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይቀፈው።

ከሁሉም የሚከብደው በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ነው። በሬው ታርዷል፣ ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል፣ አጎት ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ አጎት ደግሞ ሥጋ በእጁ ይዞ ውሻ ሳያበላ አይሆንለትም። «በዓል ነው፣ ተዉት!» ይላል። ከአጎት ጋር በዓል ቀን መጣላት አይመከርም። ስለዚህ ቦቢን ከማለዳው አብሉትና ጸጥ ያለ ጓሮ ውስጥ ውሃና የሚያኝከው ነገር አድርጉለት። አጎትን ደግሞ ማታ፣ እንግዳው ሲቀንስ፣ ወደ ጓሮ ውሰዱትና የተለጠፈችውን ወረቀት እያሳያችሁ «አንተ ኡታ በለው፣ ሲቀመጥ ስጠው» በሉት። ደስ ይለዋል፤ ቦቢም ቁራጯን ያገኛል።