«ይቅር ባዩ» ዱላ
የጎልፍ ድራይቨር ስሕተታችንን የሚምረው እስከ ምን ድረስ ነው?

በአየር ጤና አደባባይ «ድራይቨር» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የሚጣራበትን ሚኒባስ የያዘውን ሹፌር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሌላ ድራይቨር ነው። ከመካከላችን ለአንዱ ባሕር ማዶ የሚኖር ዘመዱ የጎልፍ ዱላ ይዞለት መጣ። ዱላው ድራይቨር ይባላል፤ ዘመዱም ደጋግሞ የነገረን ነገር ቢኖር «ይቅር ባይ» መሆኑን ነው። ጀማሪ ተጫዋች ኳሷን አዛብቶ ቢመታት እንኳ ዱላው ስሕተቱን ይሸፍንለታል ማለት ነው። ይህን የሰሙ አንድ የግቢያችን አዛውንት፣ «ልጆች፣ ዱላ ይመታል እንጂ መቼ ይቅር ሲል አየን?» ብለው ሳቁብን። ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም ፊዚክስ ያለበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ልንመረምረው ተነሣን።

ጎልፍን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። ድራይቨር ከጎልፍ ዱላዎች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን ኳስን ወደ ሩቅ ለመስደድ ያገለግላል። ራሱ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። ኳሷ ደግሞ በደንቡ መሠረት ከ45.93 ግራም መብለጥ፣ ውፍረቷም ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ከሰከንድ አንድ ሺኛ እጅ ለግማሹ እንኳ ላልሞላ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ ኳሷ ሄዳለች።

ነገሩ ለአገራችን ልጅ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ገና የተጫወተ ሁሉ፣ ሩሯን በዱላው ቆልማማ መሐል ሲመታትና በጫፉ ሲመታት ያለውን ልዩነት በመዳፉ ያውቀዋል። በመሐል የተመታች ሩር ለእጅ ሳትሰማ ትፈተለካለች፤ በጫፍ ስትመታ ግን ዱላው በእጅ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ መዳፍም ይነዝራል፣ ሩሯም ወዳላሰቡት ትሄዳለች። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ አገር ያውቃል፤ ዱላው ግን ይቆጣል። የድራይቨር ሠሪዎች ላለፉት ብዙ ዓመታት የታገሉት ይህን የዱላ ቁጣ ለማብረድ ነው።

ሁለት የመቶ ግራም ብረቶች

ዱላው የሚጠመዘዝበትን ምክንያት ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኛ ከሰፈራችን ባለ ሱቅ ሁለት ባለ መቶ ግራም የሚዛን ብረቶች ተውሰን፣ 12 ሣንቲ ሜትር የሚረዝም ቀላል የሸምበቆ ስንጥር ከመካከሉ በክር አንጠለጠልን። መጀመሪያ ብረቶቹን ከመካከሉ ግራና ቀኝ በሦስት ሣንቲ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ አሰርናቸው። ከዚያም አንዲት ብይ በሌላ ክር አንጠልጥለን፣ ከተወሰነ ከፍታ ለቀን የስንጥሩን አንድ ጫፍ እንድትመታው አደረግን። ስንጥሩ ዞረ። ቀጥሎ ብረቶቹን በአምስት አምስት ሣንቲ ሜትር አራርቀን ያንኑ ብይ ከዚያው ከፍታ ለቀቅናት። አሁንም ዞረ፤ ግን በግልጽ ቀስ ብሎ።

ልብ በሉ፤ የጨመርነው ክብደት የለም። ሁለቱም ጊዜ የተሰቀለው 200 ግራም ነው። የተለወጠው ክብደቱ ከመካከሉ የራቀበት መጠን ብቻ ነው። አንድ አካል እንዲሽከረከር ሲገፉት የሚያሳየውን እምቢታ የፊዚክስ መጻሕፍት «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» ይሉታል። የሚሰላውም እያንዳንዱን መጠነ ቁስ ከመሽከርከሪያው ባለው ርቀት ካሬ በማባዛት ነው። ብረቶቹን እንደ ነጥብ ብንቆጥራቸው፣ በመጀመሪያው አቀማመጥ 2 × 100 × 3.5² = 2,450 ግራም ሣንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል፤ በሁለተኛው 2 × 100 × 5² = 5,000። አንድ ሣንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስናርቃቸው እምቢታው እጥፍ ሆነ። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ካሬ ውስጥ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። 2,450 ለቀድሞዎቹ ትንንሽ ራስ ድራይቨሮች ይቀርባል፤ 5,000 ደግሞ ለዛሬዎቹ ትልልቅ ራሶች። ስለዚህ በክር የተንጠለጠለው ስንጥራችን፣ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው ድራይቨር ጋር የሚስተካከል እምቢታ ነበረው ማለት ነው!

ይህን ሐሳብ በጎልፍ ዱላ ላይ በሰፊው ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል በኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኳስን ወደ ጉድጓድ ማስገቢያ የሆነውን ትንሽ ዱላ ሲሠራ ክብደቱን ወደ ሁለቱ ጫፎች ገፋው። ዱላው ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ «ፒንግ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም የድርጅቱ መጠሪያ ሆነ። ድራይቨሮች ግን ለረጅም ጊዜ ድፍን እንጨት ስለ ነበሩ ክብደትን እንደ ልብ ማራቅ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቴይለርሜድ ባዶ ሆድ ያለውን የብረት ራስ አቀረበ፤ በ1991 ካላዌይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ስም «ቢግ በርታ» ያለውን ትልቅ ራስ አወጣ፤ ቀጥሎ ከብረት እጅግ የሚቀለው ታይታኒየም መጣ። ራሱ እየሰፋ፣ ግድግዳው እየሳሳ ሄደ፤ ከግድግዳው የተረፈው ግራም ሁሉ ወደ ዳርና ወደ ኋላ ተወሰደ። በመጨረሻ የጎልፍ ደንብ አውጪዎች ጣልቃ ገብተው የራሱን ይዘት ከ460 ሣንቲ ሜትር ኩብ፣ በቋሚው ዘንግ ዙሪያ ያለውን ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያም ከ5,900 እንዳይበልጥ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 በማስታወቂያ የገነነው «አሥር ሺህ» የሚል ቁጥርም የሁለት ዘንጎች ድምር እንጂ ከወሰኑ ያለፈ ተአምር አይደለም።

ይቅርታው በቁጥር

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለጀማሪ ምን ያተርፍለታል? እናስላው። የዱላው ራስ በሰከንድ 40 ሜትር ይሂድ፤ ይህ ለአማተር ተጫዋች የተለመደ ፍጥነት ነው። ኳሷ በመሐል ብትመታ በሰከንድ 59 ሜትር ተኩል ያህል ትወጣለች። ከመሐል ሁለት ሣንቲ ሜትር ወደ ጫፍ ስተን ብንመታትስ? በቀድሞው ራስ ፍጥነቷ ወደ 56.2 ይወርዳል፤ በአዲሱ ግን 57.8 ላይ ይቆያል። የዱላው ፊት ደግሞ ከኳሷ ጋር በሚነካካበት በዚያች ቅጽበት ውስጥ፣ በቀድሞው ወደ 2.7 ዲግሪ፣ በአዲሱ ወደ 1.4 ዲግሪ ይዞራል። ይቅርታው እውነት ነው፤ መጠኑም ይኸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ድራይቨርን በጎን ብታዩት ፊቱ ዝርግ አይደለም፤ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ነው። ራሱ ወደ አንድ ወገን ሲዞር፣ እንደ ተጠማመዱ ሁለት የሰዓት ጥርሶች፣ ኳሷን ወደ ተቃራኒው ወገን ያሽከረክራታል። ጉብታው ኳሷን መጀመሪያ ወደ ውጭ ያስወጣታል፤ ሽክርክሪቱ ደግሞ በአየር ላይ ወደ መንገዷ ይመልሳታል።

ነገር ግን አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱን ማንም ድራይቨር አይምርም። ኳሷን በትክክል በመሐል መትተን፣ የእጃችን አንጓ ግን የዱላውን ፊት አምስት ዲግሪ ከፍቶት ቢሆን፣ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የሚያደርገው ነገር የለም። እንዲያውም መዞርን እምቢ የሚል ራስ የተከፈተውን ፊት መዝጋትንም እምቢ ይላል። ዱላው የሚምረው የት እንደ መታን እንጂ ወዴት አዙረን እንደ መታን አይደለም። በእኛ ግምት ለዱላው ገንዘብ ከመክፈል በፊት መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሻጮች ግን ሲያነሡት አይሰማም።

በሜዳ ላይ

ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው በኦልድ ኤርፖርት ሰፈር አዲስ አበባ ጎልፍ ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ለማንኛውም አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ይህን ሙከራ በሰፈር ሜዳ እንዳትሞክሩት። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄድ ደረቅ ኳስ ሰው ትገድላለች። የምትመታው ለጎልፍ በተከለለ ቦታ ብቻ ነው።

አዲሱን ዱላ ከአንድ የተዋስነው አሮጌ ዱላ ጋር እየቀያየርን በእያንዳንዱ አሥር አሥር ኳስ መታን፤ ርቀቱንም በእርምጃ ለካን። አሮጌው አሸነፈ! ዘመዳችንን በስልክ ብናማው ደስ ባለን ነበር፤ ሆኖም ከመካከላችን የስታቲስቲክስ ተማሪዋ አስቆመችን። የአንድ ጀማሪ ምት ርቀት ከአማካዩ በ20 ሜትር ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይዋዥቃል እንበል፤ በአሥር አሥር ምት የሁለቱ አማካዮች ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። በዱላዎቹ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ግን አራት ሜትር ብቻ ቢሆን፣ እርሱን ከአጋጣሚ ለይቶ ለማየት በእያንዳንዱ ዱላ ወደ 200 ኳስ መምታት ያስፈልጋል። ሁለት መቶ ኳስ የመታ ጀማሪ ደግሞ ወይ ይደክማል፣ ወይ ይለምዳል፤ በሁለቱም መንገድ ሙከራው ይበላሻል። በአንድ ከሰዓት አሥር ኳስ መትቶ «ይህ ዱላ ይሻላል» የሚል ሰው የነገረን ስለ ዱላው ሳይሆን ስለዚያ ከሰዓት ነው።

ስለዚህ ዘዴ ለወጥን። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭተን የዱላውን ፊት አለበስነው። ኳሷ የነካችበት ቦታ ክብ ሆኖ ይጸዳል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ያችን ክብ ከመሐል ምን ያህል እንደ ራቀች ለክተን፣ ከኳሷ አካሄድ ጎን መዘገብናት። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ተገለጠ። ክቦቻችን በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም፤ አብዛኛዎቹ ወደ ዱላው ተረከዝ፣ ማለትም ወደ እጀታው ወገን ተሰብስበው ነበር። ከኳሷ ጥቂት ቀርበን እንቆም ነበር ማለት ነው። ግማሽ እርምጃ ስናፈገፍግ ክቦቹ ወደ መሐል መጡ፤ ለዚህም የከፈልነው የአንድ ጠመኔ ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ አየሩ። ዘመዳችን ዱላውን የሞከረው በባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ አየሯ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሷን የሚጎትታት በትንሹ ነው፤ ደግፎ የሚያነሣትም በትንሹ ነው። ሁለቱ እየተቻቻሉ ርቀቷ በአንድ አሥረኛ አካባቢ ይጨምራል። ታክሲዎቻችን ስሟን የሚጣሩላት እውነተኛዋ ሜክሲኮም ዋና ከተማዋ በዚሁ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ታላላቅ ተጫዋቾች እዚያ ሲወዳደሩ የለመዱትን ርቀት ሁሉ እንደ ገና ማስላት ነበረባቸው። ከዚህም በላይ ኳስን ወደ ጎን የሚያጥፋት ያው አየር ስለ ሆነ፣ በእኛ ከተማ የተዛባች ኳስ የምትታጠፈው ከባሕር ዳርቻው ባነሰ መጠን ነው። ከውጭ የመጣ ድራይቨር እዚህ «ቀና አደረገኝ» የሚል ሰው ምስጋናውን ለአየሩም ያካፍል፤ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም ብለን ብንቀልድ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ሁለቱን ብረቶች ለባለ ሱቁ መልሰናል። አዛውንቱ ጎረቤታችን ደግሞ ውጤቱን ስንነግራቸው ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያው ይቅር ያላችሁ ጠመኔው ነዋ!» አሉን።