ካርቡሬተር አስተካካዩ፦ ሞሪስ ፔቲና የውድድር ሞተር ሙያ

ናስካር በሚባለው፣ የአሜሪካ ፋብሪካ መኪኖችን በሚመስሉ መኪኖች በሚካሄደው ውድድር 200 ጊዜ ያሸነፈው ሪቻርድ ፔቲ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ ከእነዚያ ድሎች አብዛኞቹ የተገኙባቸውን ሞተሮች በሰሜን ካሮላይና፣ ሌቨል ክሮስ በምትባል የገጠር መንደር የሠራው ታናሽ ወንድሙ ሞሪስ ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ እምብዛም አይታወቅም። በልጅነቱ በፖሊዮ የተጠቃው ሞሪስ ጥቂት ውድድሮችን ራሱ ከነዳ በኋላ መሪውን ለወንድሙ ትቶ ዕድሜውን በሞተር ሥራ ያሳለፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሪቻርድ የዴይቶና 500ን ውድድር ከ200 ዙር 184ቱን እየመራ ያሸነፈው የቃጠሎ ክፍሉ የግማሽ ሉል ቅርጽ ባለውና ስለዚህም ትልልቅ ቫልቮችን በሚይዘው ሄሚ በተባለው ሞተር ነበር።

ትልቅ ሞተር ግን ልክ ያለው ድብልቅ ካላገኘ ከንቱ ነው። ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን የሚቀላቀሉበት ክፍል ሲሆን፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ወገቡ በጠበበ ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ ጨምሮ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በጎን ባለው የቤንዚን ቋት ላይ ያረፈው ግፊት ግን አልቀነሰምና፣ ልዩነቱ ቤንዚኑን ጄት በሚባለው፣ በልክ በተበሳ የናስ ቁራጭ በኩል ገፍቶ ወደ አየሩ ያስገባዋል። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው ደግሞ አየሩ ወደ 13 እጥፍ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። ካርቡሬተሩ ግን አየሩን አይመዝንም፤ የአየሩ ክብደት በሙቀትና በከፍታ ሲለዋወጥ ጄቱን መለወጥ ያለበት ሰው ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለወደብ ከተማ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ላዳ ታክሲ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ቁጥሩን ባይጠራም ጥቁር ካንዴላ (ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል) ፈትቶ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ካንዴላ ለውድድር ሞተር ሠሪም ዋናው መለኪያ ነበር። ነጂው ነዳጅ በሙሉ ሰጥቶ ከበረረ በኋላ ሞተሩን በድንገት አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ መኪናው በራሱ ግፊት እየተንሸራተተ እንዲገባ ይደረጋል፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ እየዞረ ከገባ፣ በሙሉ ፍጥነት የተገኘው ቀለም በጥላሸት ይሸፈናልና። ከዚያ ስምንቱም ካንዴላዎች ተፈትተው በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። በጫፋቸው ያለው ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከያዘ ድብልቁ ደህና ነው፣ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ሸክላው ነጭ እንደሆነ ቀርቶ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ከታየበት ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተኑ መበላት ጀምሯልና ማስነሣት አይገባም። አንዳንዴ ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ይነጣሉ፤ ይህም ማለት ድብልቁ ለሲሊንደሮቹ እኩል አልተከፋፈለም ማለት ስለሆነ፣ ሆሊ የተባለው ባለ አራት ቱቦ ካርቡሬተር በአራቱ ማዕዘን የተለያየ ልክ ያለው ጄት ይገጠምለታል።

በዴይቶና 31 ዲግሪ ባጋደለው ኩርባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መኪኖቹ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚዞሩ በቋቱ ያለው ቤንዚን ወደ ቀኝ ግድግዳ ይወጣል፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ጄቶች የግራው አየር ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ በጋራዥ ወለል ላይ እንከን ያልነበረው ሞተር ኩርባው መሐል ያንቃል።

ከሞተር ሠሪው ሥራ ይህ ክፍል ይበልጥ ሊከበር ይገባዋል፤ ምክንያቱም የሞተር ይዘት በደንብ የተገደበና በመለኪያ የሚያዝ ሲሆን፣ ካርቡሬተርን አሳምሮ ማስተካከል ግን ማንም ዳኛ ሊከለክለው የማይችል ብልጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በሻርሎት ከተገኘው የሪቻርድ 198ኛ ድል በኋላ ሞተሩ ሲለካ ከተፈቀደው 358 ኪዩቢክ ኢንች አልፎ 382 ገደማ በመገኘቱ የፔቲዎቹ ቡድን 35,000 ዶላር ተቀጥቷል፤ ድሉ ግን አልተሻረም። (የቀሩት ሁለት ድሎች የተገኙት በሌላ ቡድን መኪና ነው።)

ወደ ናስካር የዝና አዳራሽ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አባታቸው ሊ በ2011፣ የቡድኑ አለቃ ዴል ኢንማን በ2012 ሲገቡ፣ ሞሪስ በ2014 የመጀመሪያው ሞተር ሠሪ ሆኖ ገብቷል። በዚያን ጊዜ ካርቡሬተር ከናስካር ከፍተኛ ውድድር ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከ2012 ጀምሮ ቤንዚኑን የሚረጨው የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየለካ የሚያዝዝ ኮምፒውተር ሲሆን፣ አስተካካዩም ጄት በመፍታት ፈንታ በስክሪን ላይ ቁጥር ይለውጣል።