ሚኪ ማውስ ለምን 73 አገኘ?

«ኤፒክ ሚኪ» ሚኪ ማውስን ዋና ባለታሪክ አድርጎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 «ዊ» ለተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ የወጣ የቪዲዮ ጌም ነው። የተሠራው በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ በነበረው በጃንክሽን ፖይንት ስቱዲዮ ሲሆን ሥራውን የመራው ዋረን ስፔክተር ነበር። ስፔክተር ስሙን የተከለው «ዴየስ ኤክስ» በተባለ፣ ሴራና ተኩስ በሞላበት የአዋቂዎች ጌም ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የሕፃናቱን አይጥ መረከቡ ብቻውን መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ጌሙ ገበያ ሲገባ ግን ገምጋሚዎች አልተስማሙም። ከጌም ገምጋሚ ድረ ገጾች አይጂኤን ከ10 8 ሲሰጠው ጌምስፖት በ6 አቆመው። የገምጋሚዎችን ነጥብ እየሰበሰበ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ደግሞ ከ100 73 አስመዘገበለት። በዚያ ሚዛን 73 ውድቀት አይደለም፤ በዓለም እጅግ ከታወቁት የካርቱን ፊቶች ለአንዱ ግን ማነሱ አይካድም።

ነጥቡን ለመረዳት የጌሙን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ፕላትፎርም ጌም የሚባለው ባለታሪኩ ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ገደል እየተሻገረና ጠላት እየረገጠ የሚሄድበት ጨዋታ ነው፤ «ሱፐር ማሪዮ»ን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ዓይነት ጌም ገምጋሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጣት ቁልፉን ሲጫን የባለታሪኩ እግር ወዲያው ይታዘዛል? ተጫዋቹስ ከመዝለሉ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ በትክክል ያየዋል? ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ታሪኩም ከእነዚህ ቀጥለው ይመጣሉ።

የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት በዚህ ፈተና ቀድሞም ጥሩ ስም ነበራቸው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1989 ያወጣው «ደክቴልስ» ሀብታሙን ዳክዬ አጎት ስክሩጅን በከዘራው ላይ እያነጠረ ያስኬደዋል፤ ያ አንድ እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ሴጋ በ1990 ለሜጋ ድራይቭ ያወጣው፣ ሚኪ የሚመራው «ካስል ኦፍ ኢሉዥን»ም በሥዕሉ ውበትና በተመጠነ ዝላዩ ተመስግኗል። ሁለቱም ዓለሙን የሚያሳዩት ከጎን ብቻ ነው። ገደሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ስለሚታይ ወድቆ «አላየሁም» የሚል ተጫዋች የለም። ጌሞች ወደ ሦስት አውታር ሲሸጋገሩ ግን ካሜራው ባለታሪኩን ከኋላ መከተል ነበረበት፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

«ኤፒክ ሚኪ» ገምጋሚዎችን የማረከው በታሪኩ ነው፤ ታሪኩም የተቀዳው ከእውነተኛ ቅሬታ ነው። ዋልት ዲዝኒ ከሚኪ በፊት፣ በ1927፣ ኦስዋልድ የተባለ ጥንቸል ፈጥሮ ነበር። መብቱ የዩኒቨርሳል ስለነበረ በ1928 ከካርቱኑ አከፋፋይ ከቻርልስ ሚንትስ ጋር በክፍያ ሲጣላ ጥንቸሉን ትቶ ባዶ እጁን ወጣ፤ ሚኪ የተወለደው ከዚያ ኪሳራ በኋላ ነው። ኦስዋልድ ወደ ዲዝኒ የተመለሰው ከ78 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ሲሆን ልውውጡ ለማመን ያስቸግራል፦ ዲዝኒ ታዋቂውን የስፖርት ጨዋታ አስተላላፊ አል ማይክልስን ወደ ኤንቢሲ እንዲሄድ ለቀቀውና በምትኩ ጥንቸሉን ከሌሎች ጥቅሞች ጋር ተቀበለ። በጌሙ ውስጥ ኦስዋልድ የተረሱ ገጸ ባሕርያት የሚኖሩበት ዓለም ገዥ ነው፤ ሚኪ ለእሱ ይገባው የነበረውን ዝና እንደወሰደበት ያምናል። ያንን ዓለም ያበላሸው ደግሞ ሳያስበው ቀለም የሚያሟሟውን ቲነር የደፋበት ሚኪ ራሱ ነው።

በሚኪ እጅ ያለው መሣሪያ የሥዕል ብሩሽ ነው። ቀለም ሲረጭ የፈረሰው ድልድይ ይመለሳል፣ ጠላትም ወዳጅ ይሆናል፤ ቲነር ሲረጭ ግድግዳው ይሟሟል፣ ጠላትም ይጠፋል። ተጫዋቹ የሚመርጠው መንገድ ሌሎች ገጸ ባሕርያት እንዴት እንደሚቀበሉት ይወስናል። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕሎች ያየ አንባቢ፣ አንድ ሙሉ ዓለም በቀለም ብቻ እንዴት እንደሚቆም፣ ቀለሙ ሲደበዝዝም ታሪኩ አብሮ እንደሚሳሳ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ይህን ሐሳብ፣ ጨለም ያለውን የሥዕል አቀራረብና የጄምስ ዱሊን ሙዚቃ ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጡትም መካከል ያደነቁ ነበሩ።

የወቀሳው ፊታውራሪ ካሜራው ነበር። ሚኪ ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ካሜራው መላወሻ ያጣል፤ ገና ዝላይ ላይ እያለ እይታው ይዞራል፤ ማረፊያው ከዓይን ይሰወራል። ምክንያቱ ከፊሉ የመጫወቻው ነው። የ«ዊ» መቆጣጠሪያ በሁለት እጅ ተከፍሎ ቢያዝም ያለው ዘንግ አንድ ብቻ ነው። በሌሎች ጆይስቲኮች ሁለተኛው ዘንግ ካሜራውን ሲያዞር እዚህ ግን ሥራው ለቁልፎች ተተወ፤ ያውም ተጫዋቹ በዚያው እጁ ስክሪኑ ላይ እያነጣጠረ ቀለም መርጨት አለበት። የቀረው ምክንያት የጌሙ ውበት ራሱ ነው። ግድግዳ በቲነር ሊሟሟ፣ በቀለም ሊመለስ ስለሚችል ካሜራው የሚንቀሳቀስበት ክፍት ቦታ በየጊዜው ይለዋወጣል። ንግግሩ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ መቅረቡም ቅር ያሰኛቸው ነበሩ።

ስፔክተር ዝም አላለም። ጌሙ እንደ ማሪዮ ያለ የዝላይ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ጀብዱና ምርጫ ያለበት መሆኑን፣ ከኋላ የሚከተል ካሜራም ከጌም ሥራ ሁሉ ከባዱ ችግር መሆኑን ተከራከረ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ችግሩ ከባድ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ገደል ሲገባ የሚታየው መውደቁ እንጂ የሠሪው ድካም አይደለም። ለገምጋሚዎቹ የሚያደላው ማስረጃ ጌሙ ውስጥ ይገኛል። ሚኪ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው የሚሻገረው «ስቲምቦት ዊሊ»ን በመሳሰሉ የድሮ ካርቱኖች ውስጥ፣ ከጎን እየታየ በመዝለል ነው። እዚያ ካሜራው አይንከራተትም፤ ደጋግሞ ማለፉ ቢያሰለችም እነዚህ አጫጭር ክፍሎች ከተወደዱት የጌሙ ክፍሎች መካከል ሆነዋል። ገዢው በበኩሉ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በሰሜን አሜሪካ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 1.3 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ።

ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ ሚኪ የሚታወቀው ከጌም ይልቅ በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳና በልጆች ቦርሳ ላይ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ ስክሪኑን የያዘው እግር ኳስ ነው። ለዚህ የአከፋፈሉም ልማድ ድርሻ አለው። ሒሳቡ በጨዋታ በሚቆጠርበት ቤት የሚያዋጣው በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ ሁለት ሰው የሚያፋጥጥ፣ ተሸናፊው ተነሥቶ ባለተራው የሚቀመጥበት ጌም ነው፤ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ የአንድ ተጫዋች ታሪክ እዚያ ቦታ አያገኝም። ግምገማው ግን አለ፤ ተራ የሚጠብቁት ወንበር ላይ ሆነው ይሰጡታል፣ ምሕረትም የላቸውም።

በስልክ ላይ ነገሩ ይለያል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በ2018 ያወጣው «ኩኩሉ» ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ያስሮጣል። ካሜራው ከኋላዋ ሳይዞር ይከተላታል፣ መንገዱም ወደፊት ብቻ ነው፤ ትልቁን ስቱዲዮ ያስቸገረው ጣጣ እዚህ ከመነሻው እንዳይነሣ ተደርጓል። ዶሮዋ እንደ ሚኪ የረጅም ዘመን የፊልም ዝና የላትም፤ መመዘኛዋም ሩጫዋ ብቻ ነው።

የሚኪ ሁለተኛ ጌም፣ «ኤፒክ ሚኪ 2»፣ በኖቬምበር 2012 ከ«ዊ» ሌላ ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ጭምር ወጣ። በመጀመሪያው የጎደለው ድምፅ ተጨመረ፤ ገጸ ባሕርያቱ ይናገራሉ፣ ይዘፍናሉም። ኦስዋልድም የሁለተኛ ተጫዋች ቦታ አገኘ። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ግን ጥንቸሉን የሚመራው ኮምፒውተሩ ነው፤ በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ አጠገብ አይገኝም። ነጥቡ ወደ 60 ዙሪያ ወረደ፣ ሽያጩም ከመጀመሪያው እጅግ አነሰ። በጃንዋሪ 2013 ዲዝኒ ጃንክሽን ፖይንትን ዘጋው።

በሴፕቴምበር 2024 የመጀመሪያው ጌም በአዲስ መልክ ተመለሰ። «ሪብረሽድ» የሚል ተቀጥላ የተሰጠውን ይህን ቅጂ የሠራው የቪየናው ፐርፕል ላምፕ ሲሆን አሳታሚው ቲኤችኪው ኖርዲክ ነው። ታሪኩ፣ ብሩሹና የኦስዋልድ ቅሬታ እንዳሉ ናቸው። የተለወጠው የሚኪ እግርና የተጫዋቹ ዓይን ነው፤ ሚኪ ፈጥኖ ይሮጣል፣ ወደ ጎን ይወረወራል፣ ካሜራውም በሁለተኛው ዘንግ ይዞራል። ገምጋሚዎች ያረጀው የጌሙ አወቃቀር እንዳለ መሆኑን ቢጠቅሱም እንቅስቃሴው መሻሻሉን መስክረዋል። በ2010 ካሜራውን የወቀሱት ትክክል ነበሩ።