የአደራ ሣጥንና የባንክ መዝገብ

በለንደን ከተማ፣ በካምደን ወረዳ በሚገኘው በሆልበርን ሰፈር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2010 ደጁን የከፈተው ሜትሮ ባንክ፣ ብሪታንያ እንዲህ ያለ አዲስ ባንክ በአደባባይ መንገዶቿ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ አላየችም ስለ ተባለለት፣ እሑድ እንኳ ሳይዘጋ፣ ለደንበኛው ውሻ ሳይቀር ውኃ እያቀረበ፣ በጥቂት ዓመታት ብዙ ተቀማጭ ሰበሰበ። ነገር ግን የባንክ ጤንነት የሚመረመረው በመዝገቡ ነውና፣ ባንኩ ለንግድ ሕንፃዎችና ለሚከራዩ ቤቶች ያበደረውን ገንዘብ ከሚገባው ባነሰ የስጋት ክብደት ሲመዝን መኖሩ በጥር 2019 በታወቀ ጊዜ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወደቀ።

ባንክ የሚያበድረው አብዛኛውን የሌላ ሰው ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር ጉዳቱን አስቀድሞ የሚሸከም የባለአክሲዮኖች ካፒታል እንዲኖረው ሕጉ ያስገድደዋል፤ የካፒታሉም ልክ የሚወሰነው እያንዳንዱ ብድር እንደ አስጊነቱ ከተመዘነ በኋላ ነውና፣ ለመኖሪያ ቤት የተሰጠው ቀልሎ፣ ለንግድ ሕንፃ የተሰጠው ከብዶ ይቆጠራል። ሚዛኑ ሲታረም በስጋት የተመዘነው ሀብት በ900 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ስለ ጨመረ፣ ትናንት በቂ የመሰለው ካፒታል ዛሬ ጠባብ ሆነ።

በግንቦት ደግሞ ባንኩ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ በዋትስአፕ ተዛምቶ፣ በምዕራብ ለንደን ደንበኞች የአደራ ሣጥናቸውን ባዶ ለማድረግ ተሰለፉ። እዚህ ላይ ሳልገረም አላልፍም፤ በሣጥን የተቀመጠ ወርቅ ባንኩ ቢከስርም የባለቤቱ ንብረት ሆኖ ሲቀር፣ በሒሳብ የገባው ገንዘብ ግን በሕግ ዓይን ለባንኩ የተሰጠ ብድር ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ የሮጠው ይበልጥ ወደ ተጠበቀው ነበር። በዚያው ወር ባንኩ ከባለሀብቶች 375 ሚሊዮን ፓውንድ አግኝቶ ሁከቱ በረደ።

ባንኩ ራሱ የተሳሳተበትን፣ ተቆጣጣሪዎችም በ2021 5.4 ሚሊዮን፣ በ2022 10 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጡበትን ሒሳብ፣ ተቀማጩ ከውጭ ሆኖ ሊያርመው አይቻለውም፤ ስለዚህ ለእርሱ ከሁሉ የሚቀድመው ባንኩ ቢወድቅ ገንዘቡን የሚያስመልስለት የዋስትና ልክ ነው። በ2007 በብሪታንያው ኖርዘርን ሮክ ባንክ ደጃፍ ገንዘቡን ለማውጣት የተሰለፈው ሕዝብ በድንጋጤው ቢነቀፍም፣ ያን ጊዜ ሙሉ ዋስትና የነበረው የመጀመሪያው 2,000 ፓውንድ ብቻ ሆኖ፣ ከቀጣዩ 33,000 ከመቶ 90 እጁ ይከፈል ስለ ነበር፣ በእኔ አስተያየት መሰለፉ ማስተዋል ነበር። ዛሬ፣ ከ2025 የመጨረሻ ወር ጀምሮ፣ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ 120,000 ፓውንድ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው፤ ሆኖም ስማቸው የተለያየ፣ ፈቃዳቸው ግን አንድ የሆነ ባንኮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በ2023 ሜትሮ ባንክ ዳግመኛ ተቸግሮ 325 ሚሊዮን ፓውንድ አዲስ ካፒታል ሲፈልግና 600 ሚሊዮን ዕዳውን በአዲስ ውል ሲያድስ፣ ከቦንድ ገዢዎቹ ከፊሎቹ ገንዘባቸው ሲጎድል፣ የኮሎምቢያው ባለጸጋ ኃይሜ ጊሊንስኪ አብላጫውን ድርሻ ሲይዝ፣ የተቀማጮቹ ገንዘብ አልተነካም።

በኢትዮጵያም በአገሩ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ጣሪያው ግን 100,000 ብር ስለ ሆነ፣ በካምደን ሠርቶ በአዲስ አበባ ለቤት መሥሪያ የሚያጠራቅም ወገን ከዚያ በላይ ባለው ገንዘቡ የለንደኑ ዋስትና አይከተለውምና፣ ገንዘቡን ያስቀመጠበትን የአገር ቤት ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት አስመጥቶ የካፒታሉን ምጣኔና የተበላሸውን ብድር መጠን ከዓመት ዓመት ማስተያየት ይኖርበታል።